የወረሳችሁት ዕቃ ከምን እንጨት ተሠራ? ማንስ ሠራው? ለጎጃም ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ከአያት የወረደ ቁም ሳጥን፣ ሣጥን፣ ቡፌ ወይም የጠፍር አልጋ ያለው ሰው እንጨቱንና አናጺውን ማወቅ ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው መልሱን የሚያጣው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ቨርኒሽ ይቀባና ምርመራውን ከዚያ በኋላ ይጀምራል፤ ያኔ ምልክቱ ሁሉ ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ በቀለም ይፈርዳል፤ ሃምሳ ዓመት ጭስ የጠጣ ዝግባ ግን ከዋንዛ ይጠቁራል። ሦስተኛ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ስም የዕቃው ሠሪ ስም ያደርገዋል።

መመሪያው በተለይ ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለተሠሩ ዕቃዎች ነው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። አንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ማስረጃ ስለሚያበላሽ ነው በዚህ መልክ የተደረደረው።

## ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር። ከሌለ በስልክ ካሜራ ቅርብ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉ፤ ይሠራል፣ ግን እጅ ይንቀጠቀጣል።
- ሁለት አዲስ ምላጭ። ያገለገለ ምላጭ የእንጨቱን ቀዳዳ ደፍኖ ያሳስታችኋል።
- የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ካቻቢቴ።
- ግራም የሚያሳይ ሚዛን።
- ጥጥ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ትንሽ አልኮል፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ ቲነር።
- ደብተር፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፖስታዎች።

ሥራውን በረንዳ ላይ ወይም በር ላይ በቀን ብርሃን ሥሩ። በአምፖል ሥር ቀይ እንጨት ሁሉ ቡና ይመስላል። ዕቃው ከጎተራ ወይም እርጥብ ከሆነ ክፍል ከወጣ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ደረቅ ጣሪያ ሥር ይቆይ። በክረምት የተመዘነ እንጨት ክብደቱ ይዋሻል።

## ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ

ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ከዚያም እያንዳንዱን መሳቢያ አውጥታችሁ በየተራ አንሱ። መሳቢያዎቹ ከየትኛው ቦታ እንደወጡ በወረቀት ላይ ቁጥር ጽፋችሁ አብራችሁ አንሱ። በእጅ የተሠራ መሳቢያ ለየቦታው ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ቦታው ከተቀያየረ አይገባም፣ በግድ ከተገፋ ደግሞ ጎኑ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 2፦ ሳታጸዱ ምልክት ፈልጉ

ይህን ደረጃ ከማጽዳት በፊት አድርጉ። ጠመኔና የእርሳስ ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ከታበሰ አይመለስም።

ባትሪውን ከእንጨቱ ገጽ ጋር አጋድማችሁ አብሩ፣ ብርሃኑ ገጹን ታክኮ እንዲሄድ። በቀጥታ ሲበራ የማይታይ የማኅተም ጉድጓድና የእርሳስ ጭረት ከጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል። የምትፈልጉባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

1. የመሳቢያ ሆድ ከውጭ በኩል፣ ከዚያም የመሳቢያው ጀርባ።
2. የጠረጴዛ ፊት ከሥር።
3. የወንበር መቀመጫ ጠርዝ ከውስጥ በኩል።
4. የቁም ሳጥን ጣሪያ ከላይ። አቧራ እንጂ እጅ ስለማይደርስበት ጽሑፍ የሚተርፈው እዚያ ነው።
5. የቁልፉ ቤት ሥር። ቁልፉን በካቻቢቴ ፍቱና ሥሩን እዩ።

### የምታገኙትን እንዴት ታነባላችሁ?

የግዕዝ ቁጥር። ፲፱፻፶፫ ማለት 1953 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጽሑፉ ከደበዘዘ ፮ና ፯ ስለሚምታቱ ሁለቱንም አማራጭ መዝግቡ። በውጭ ፊደል አጠገብ ያለ ዓመት ግን የፈረንጅ ነው፤ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

የመሥሪያ ቤት ማኅተም ወይም የንብረት ቁጥር። ቀኑ ባይጻፍበትም የአስተዳደሩ ስም ዘመኑን ይናገራል። «የጎጃም ጠቅላይ ግዛት» ወይም «ንጉሠ ነገሥት መንግሥት» ካለበት ከ1967 በፊት የተመዘገበ ንብረት ነው። «የጎጃም ክፍለ ሀገር» ካለ ከ1967 በኋላ ነው። «ምሥራቅ ጎጃም» ወይም «ምዕራብ ጎጃም» የሚል ከሆነ ደግሞ ከ1980 ወዲህ። ጥንቃቄ አድርጉ፤ ማኅተሙ ዕቃው የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ የተሠራበትን አይናገርም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የተለያየ ዘመን ቁጥር ሊገኝ ይችላል፤ አሮጌውን ያዙ።

ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭረት። ይህ የአናጺው ስም አይደለም። የትኛው እግር ከየትኛው አግዳሚ እንደሚገጥም ለራሱ ያደረገው ምልክት ነው። ሆኖም ጠቃሚ ነው፦ ምልክቶቹ በትክክል ከተገጣጠሙ ዕቃው አልተፈታም ወይም በትክክል ተመልሷል፤ «ሀ» ከ«ሐ» ጋር ከተጋጠመ አንድ ጊዜ ፈርሶ ነበር።

የተለጠፈ ጋዜጣ። መሳቢያና የሣጥን ሆድ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ የተለመደ ነበር። አትላጡት። ቀኑ የሚታይ ከሆነ ፎቶ አንሱ። ሣጥኑ ጋዜጣው ከተለጠፈበት ቀን በፊት እንደነበረ ታውቃላችሁ፣ ከዚያ አያልፍም። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ስለሆነ የእሱ ገጽ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም።

በቁልፍ፣ በማጠፊያ ወይም በእጀታ ላይ ያለ ስም። «ዬል» የቁልፍ ሠሪ ስም ነው፤ ዬል ቁም ሳጥን አልሠራላችሁም። ብረቱ በመርከብ መጥቶ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ተገዝቶ በሠፈር አናጺ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። መዝግቡት፣ ግን «የብረት ሥራ» በሚል ርእስ ሥር።

ሲንገር ጠረጴዛ። በብረት እግሩ ላይ ሲንገር የሚል ስም ተቀርጾ ካገኛችሁ እግሩ የሲንገር ነው። ላዩ ግን ብዙ ጊዜ ተለውጧል። የልብስ ስፌት መኪናውን ተከታታይ ቁጥር ከጠፍጣፋ መሠረቱ ላይ፣ በቀኝ በኩል ካለችው ትንሽ ገጽ ላይ ፈልጉ። ከቁጥሩ በፊት የላቲን ፊደል ካለ መኪናው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ ነው። ከዚያ የጠረጴዛውን ፊት ለብቻው እንደ ሌላ ዕቃ መርምሩ፤ ዋንዛ ከሆነ ላዩ እዚሁ የተተካ መሆኑ ነው።

### ምንም ምልክት ካላገኛችሁ

አትደናገጡ፤ በጎጃም ቤቶች የተለመደው ይህ ነው። አናጺው ለጎረቤቱ ሲሠራ መፈረም አያስፈልገውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

## ደረጃ 3፦ ጥላሸቱን ብቻ አንሱ

ግባችሁ እንጨቱን ማየት ነው፤ ማሳመር ሌላ ቀን።

1. በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አውርዱ።
2. ጥጥ በነጭ ጋዝ አርጥቡና መዳፍ በሚያህል ስውር ቦታ ላይ በቀስታ አብሱ። የምድጃ ጥላሸት ቅባት ስላለው ውሃ አያነሣውም፣ ነጭ ጋዝ ግን ያነሣዋል።
3. ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አብሱ።

ይህን ምድጃና ሻማ በሌለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት አድርጉ። ያገለገለውን ጥጥ ቤት ውስጥ አትተዉት።

ዕቃው በዘይት ቀለም ከተቀባ አትፈትጉት። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙም ለልጆች መርዝ ነው። ቀለም ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጉ፦ የመሳቢያ ውስጥ፣ የእግር ሥር፣ የጀርባ ጣውላ። ሁልጊዜ አንድ ይገኛል።

## ደረጃ 4፦ እንጨቱን ከጉርዱ እወቁ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እንጨት በፊቱ ያታልላል፤ በአግድም በተቆረጠበት ጉርድ ግን አያታልልም።

### መስኮት መክፈት

1. የጉርድ ፊት የሚታይበት ስውር ቦታ ምረጡ፦ የእግር ሥር፣ የመሳቢያ ጎን የኋላ ጫፍ፣ የመደርደሪያ ጫፍ።
2. ቦታውን በአንድ ጠብታ ውሃ አርጥቡና አንድ ደቂቃ ጠብቁ።
3. በአዲስ ምላጭ፣ በአንድ ጉዞ፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ስስ ልጣጭ አንሱ። ወደ ራሳችሁ አትቁረጡ።
4. ልጣጩን ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፤ ለሽታ ያስፈልጋል።
5. በማጉያው እዩ።

ገጹ ከተፈጨ ወይም ከጠቆረ ምላጩ ደንዟል፤ ለውጡትና በሌላ ነጥብ ድገሙ። ያንኑ ቦታ ደጋግማችሁ አታርሱ።

### የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም?

በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ከታዩ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ ባሕር ዛፍ ወይም የውጭ እንጨት ነው። ገጹ ድፍን ከሆነና ምንም ቀዳዳ ከሌለ ጽድ፣ ዝግባ ወይም የፈረንጅ ጽድ ነው። ይህች አንዲት ምልከታ ከግማሽ በላይ ያለውን ስህተት ታስቀራለች። «ዋንዛ ነው» ተብለው የሚሸጡ የዝግባ ሣጥኖች የሚጋለጡት በዚህ ነው።

### ቀዳዳ ከሌለው

ጽድ። ከቀይ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ጅማቱ ደቃቅና ጠባብ፣ ሽታው ጎልቶ የሚወጣ። ልጣጩን ስኒ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ጨምሩበት፤ እንፋሎቱ ይሸታል። ሚስማር የተመታበት አካባቢ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ መሆኑም ይረዳል፣ ጽድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ምስጥ ብዙም አይደፍረውም።

ዝግባ። ከነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወጥ፣ ሽታ የሌለው። የዓመት ቀለበቱን በማጉያም ለማየት ይቸግራል። ነቀዝ ይወደዋል። ቀዳዳ የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ ነቀዝ ግን የበላው ጣውላ ካገኛችሁ ዝግባ ብላችሁ ጻፉ።

የፈረንጅ ጽድ። ፈዘዝ ያለ፣ ቀላል፣ አንጓው ብዙ። ሽታ አለው ግን ከአገሩ ጽድ ይደክማል። በ1940ዎቹ ተሠራ በተባለ ዕቃ ላይ ካገኛችሁት ያ ክፍል በኋላ ተተክቶ እንደሆነ ጠርጥሩ።

### ቀዳዳ ካለው

ዋንዛ። በጎጃም ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ልቡ ከሮዝ ወደ ወርቃማ ቡናማ ይሄዳል፣ ውጭኛው ክፍል ነጣ ይላል። ቀዳዳው በዓይን ጭምር ይታያል። ጉርዱ ላይ ከመሐል ወደ ውጭ የሚሄዱ ነጫጭ መስመሮችን እዩ፤ እነዚሁ መስመሮች በጣውላው ፊት ላይ፣ በተለይ በግንዱ መሐል በኩል ተሰንጥቆ በወጣ ጣውላ ላይ፣ እንደ አጭር የሚያበራ ነጠብጣብ ይወጣሉ። ጣውላውን በፀሐይ ወዲህና ወዲያ ስታዘነብሉት ነጠብጣቡ ያበራል ይጠፋል። ነቀዝ ካለ ነጩን ክፍል በልቶ ልቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ይህ ድንበር በግልጽ የሚታይ ከሆነ ዋንዛነቱን ያጠናክራል።

ወይራ። ስታነሡት ክብደቱ ይነግራችኋል። ቢጫ መሰል መሬት ላይ የተጠማዘዘ ጥቁር መስመር፣ ቀዳዳው በጣም ደቃቅ፣ በጥፍር የማይጫር። ሙሉ ቁም ሳጥን ከወይራ አይሠራም፤ እግር፣ እጀታ፣ የአልጋ ሽብልቅ ላይ ፈልጉት።

ጥቁር እንጨት። ስሙ ያሳስታል፤ ቀይ ቡናማ ነው። ከባድ፣ ወጥ፣ የወይራ ዓይነት ጥቁር ጭረት የለውም።

ኮሶ። ጠቆር ያለ ቀይ። ከዋንዛ ጋር የሚምታታው ሲያረጅ ነው። የጮቄ አካባቢ ደጋ ላይ የተሠራ ዕቃ ከሆነ ኮሶን አስቡ፣ ወደ ወይናደጋው ከወረዳችሁ ዋንዛ ይበዛል። ቦታ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ባሕር ዛፍ። ከባድ፣ ጅማቱ የተጠማዘዘ፣ ጫፉ ላይ የመሰንጠቅ ልማድ ያለው። በዚያ ዘመን ዕቃ ላይ በብዛት የሚገኘው የማይታይ ቦታ ነው፤ ጀርባ፣ የመሳቢያ ሐዲድ፣ የአልጋ አግዳሚ።

የውጭ እንጨት። የከተማ ቡና ቤት ወንበር፣ ጀርባው በእንፋሎት ታጥፎ የተሠራ ክብ እንጨት ከሆነና ኩርባው ላይ መጋጠሚያ ከሌለው፣ ቢች የሚባለው የአውሮፓ እንጨት መሆኑ አይቀርም፤ ፊቱ ላይ አጫጭር ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። የዚህ ዓይነት ወንበር የቪየናው ቶኔት ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው ነው፣ ግን ሌሎች ፋብሪካዎችም ብዙ ቀድተውታል። ቶኔት ነው ለማለት በመቀመጫው ጠርዝ ውስጥ የታተመ ስም ወይም የወረቀት ምልክት ያስፈልጋል። ቅርጹ ብቻ አይበቃም።

ቀርቀሃ ለዚህ ምርመራ አይገባም፤ እንጨት አይደለም። የእንጅባራ አካባቢ የቀርቀሃ ወንበር ከወረሳችሁ ባዶ ሆዱንና አንጓውን ዐይታችሁ ጨርሱ።

### ከሦስት ቦታ እዩ

አንድ ዕቃ አንድ እንጨት ነው ብላችሁ አትገምቱ። ፊቱ ዋንዛ፣ ጀርባው ዝግባ፣ ሐዲዱ ባሕር ዛፍ መሆኑ የተለመደ ነው። ቢያንስ ከፊት፣ ከእግርና ከጀርባ አንድ አንድ መስኮት ክፈቱ። የጠፍር አልጋ ላይ ደግሞ እግሩንና አግዳሚውን ለየብቻ፤ አግዳሚ ይሰበራል፣ ይተካል፣ እግሩ ይቀራል።

### ልባስ እንዳያታልላችሁ

የጣውላው ጅማት ከፊቱ ወደ ጠርዙ ዞሮ መቀጠል አለበት። ፊቱ ላይ ውብ መስመር ኖሮ ጠርዙ ላይ ተደራራቢ ንብርብር ከታየ ኮምፔልሳቶ ወይም ስስ የእንጨት ልባስ ነው። ያኔ ላዩንና ውስጡን ለየብቻ መዝግቡ። የተፈጨ እንጨት፣ ማለትም ቺፑድ፣ ጀርባው ላይ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተተካ ነው።

## ደረጃ 5፦ በክብደት አረጋግጡ

የሚወጣ መደርደሪያ ወይም የተላቀቀ ጣውላ ካለ ብቻ ይሠራል። ብረት ያለበት፣ የተቀባ ወይም ነቀዝ የበላው ከሆነ አትድከሙ።

ርዝመት በስፋት በውፍረት፣ ሁሉም በሴንቲ ሜትር፣ አባዙ። ክብደቱን በግራም ለውጤቱ አካፍሉ።

ለምሳሌ 78 በ30 በ2 የሆነ መደርደሪያ 4680 ይሆናል። 2150 ግራም ከመዘነ፣ 2150 ሲካፈል ለ4680 ወደ 0.46 ይሆናል፤ ይህ የዋንዛ ክልል ነው።

ግምታዊ ክልሎቹ፦

- ዋንዛ፦ 0.40 እስከ 0.52
- ዝግባ፦ 0.48 እስከ 0.57
- ጽድ፦ 0.54 እስከ 0.63
- ኮሶ፦ 0.56 አካባቢ
- ቢች፦ 0.72 አካባቢ
- ጥቁር እንጨትና ባሕር ዛፍ፦ 0.74 እስከ 0.85
- ወይራ፦ 0.95 እና ከዚያ በላይ

ክልሎቹ ይደራረባሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የጉርዱን ምልከታ ያረጋግጣል እንጂ አይተካውም። ጉርዱ «ዋንዛ» ብሎ ሚዛኑ 0.75 ካለ መጀመሪያ ውፍረቱን ደግማችሁ ለኩ፤ ውፍረት ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ስህተት ውጤቱን በሰባት እጅ አንድ ያህል ያዛባል።

## ደረጃ 6፦ ቅቡን ፈትሹ

ስውር ቦታ ላይ አልኮል የነካ ጥጥ ለሠላሳ ሰከንድ አሳርፉ። ከተጣበቀና ቡናማ ሆኖ ከወጣ የድሮው የላካ ፖሊሽ ነው፤ እድሜ ያለው ወይም በባህሉ የተቀባ። አልኮሉ ምንም ካላደረገና ቲነር ካለሰለሰው ላከር ነው። ሁለቱም ካልነኩት ቨርኒሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜም የኋላ ሰው እጅ ነው። የላይኛው ቅብ አዲስ መሆኑ ዕቃውን አዲስ አያደርገውም።

## ደረጃ 7፦ የእጁን ሥራ አንብቡ

ስም ካልተገኘ የሠሪው ማንነት የሚፈለገው ከአሠራሩ ነው። ዕቃውን ገልብጡና በተራ እነዚህን እዩ።

የመጋዝ ዱካ። ባልተላገ ጣውላ ላይ ቀጥ ያለ ግን እርቀቱ የማይመጣጠን ጭረት የእጅ መጋዝ ነው። ቅስት የሠራ፣ እርቀቱ እኩል የሆነ ጭረት የክብ ማሽን መጋዝ ነው። በምሳር የተጠረበ ጀርባ ደግሞ ጣታችሁን ስታሳልፉበት ጎድጎድ ይላል።

የመላጊያ ዱካ። ባትሪውን ከጎን አብሩ። በእጅ የተላገ ጣውላ ርዝመቱን ተከትሎ ሰፋፊ ስስ ገንዳዎች ይኖሩታል። በማሽን የተላገ በአግድም የተደረደረ ጥቃቅን ሞገድ አለው።

መጋጠሚያ። የመሳቢያውን ማእዘን እዩ። ጣት ለጣት የተጠላለፉ ጥርሶች ካሉ ስፋታቸውን ለኩ። ጥርሶቹ ስፋታቸው ከተለያየና ከጎናቸው የመቅረጫ ጭረት ከቀረ የእጅ ሥራ ነው። ሁሉም እኩል ከሆኑ ማሽን ነው። በሚስማር ብቻ ከተያዘ ደግሞ ፈጥኖ የተሠራ ወይም የተጠገነ ነው። የሚስማሩ ዙሪያ እንጨቱ ከጠቆረ ሚስማሩ ብዙ ቆይቷል።

ብሎን። ራሱ ላይ አንድ መስመር ያለው ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ዓይነት ነው። ባለ መስቀል ራስ ብሎን ፓተንት የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲሆን እዚህ ቤት የገባው ከዚያ ዘግይቶ ነው። ማጠፊያው ላይ ብቻ ከሆነ ማጠፊያው ተለውጧል፤ በዙሪያው ባዶ የቆየ ቀዳዳ ፈልጉ። ዕቃው ሁሉ በባለ መስቀል ከተያዘና ሌላ ቀዳዳ ከሌለ «የአያቴ» የተባለው ቁም ሳጥን የአባታችሁ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ክብ ነገር። ክብ ጠረጴዛ ካላችሁ ስፋቱን በጅማቱ አቅጣጫና በተቃራኒው ለኩ። እንጨት በጅማቱ ተቃራኒ ስለሚቀንስ ሲያረጅ ክብነቱን ያጣል። ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ኮምፔልሳቶ ወይም አዲስ ነው።

### ከአሠራሩ ወደ ሠሪው

*የሠፈር አናጺ፦* የእጅ መጋዝ፣ የማይመጣጠን ጥርስ፣ የአካባቢው እንጨት፣ ስም የለም። አንድ ዓይነት የእግር ቅርጽ ወይም የጌጥ ቅርጽ በዘመድና በጎረቤት ቤትም ካገኛችሁ የአንድ እጅ ሥራ መሆኑ ይጠናከራል። ቢያንስ ሦስት ነገር ሲመሳሰል ብቻ ተቀበሉ፤ ለምሳሌ የጥርሱ ስፋት፣ የእግሩ ቅርጽ፣ የሀ-ለ-ሐ ምልክቱ አጻጻፍ።

*የተማረ አናጺ ወይም ትምህርት ቤት፦* በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) የወጣ እኩል እግር፣ በማሽን የተላገ ፊት፣ ትክክለኛ ማእዘን። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእንጨት ሥራ ይሰጥ ስለነበር የሰለጠነ እጅ በአካባቢው ነበር። ነገር ግን ማኅተም ወይም ሰነድ ከሌለ «የፖሊቴክኒክ ሥራ» ብላችሁ አትጻፉ።

*የወህኒ ቤት ሥራ፦* ጠንካራ፣ ጌጥ የሌለው፣ ተመሳሳይ ሆኖ በብዛት የተሠራ ወንበርና አግዳሚ። ቁጥር ወይም ማኅተም ሥሩ ላይ ፈልጉ።

*የውጭ፦* የአገሩ ያልሆነ እንጨት፣ የፋብሪካ ምልክት፣ ሁሉም ክፍል በአንድ ልክ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በደብረ ማርቆስ ስለነበረ ብቻ የተጠማዘዘ ጌጥ ያለውን ሁሉ «የጣሊያን» ማለት ልማድ ሆኗል። እንጨቱ ዋንዛ ከሆነ እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርቷል፤ ማን እንደሠራው ግን አሁንም ይቀራል።

## ደረጃ 8፦ ሽማግሌ ጠይቁ፣ ግን በደንብ ጠይቁ

«ማን ሠራው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱ «የድሮ ሰው» ይሆናል። በክስተት ጠይቁ።

- «እማሆይ፣ እርስዎ ሲዳሩ ይህ ሣጥን ነበረ?»
- «ጋሼ፣ የ1960 የግብር ግርግር ጊዜ እዚህ ቤት ነበር ወይስ ከዚያ በኋላ መጣ?»
- «የመሬት አዋጁ ሲታወጅ የት ክፍል ነበር የተቀመጠው?» (የካቲት 25 ቀን 1967 ነው።)
- «እንጨቱ ከጓሮ ተቆርጦ ነው ወይስ ተጭኖ መጣ?»
- «አናጺው እዚህ እየበላ እያደረ ነው የሠራው ወይስ ገበያ ላይ ተገዝቶ ነው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። እቤት ተቀምጦ የሠራ ሰው የሚታወሰው ከነስሙ፣ ከነአባቱና ከነሠፈሩ ነው። ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንዱ እየሰማ ሌላው ከመለሰ አንድ ምስክር ብቻ ነው ያላችሁ። የመረመራችሁት እንጨትና የሰማችሁት ቃል ካልገጠሙ፣ ለምሳሌ «ከጓሯችን ዋንዛ ነው» ተብሎ ጉርዱ ቀዳዳ ከሌለው፣ ቃሉ ስለሌላ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ደግማችሁ ዕቃውን እያሳያችሁ ጠይቁ።

## ደረጃ 9፦ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ስጡ። እያንዳንዱን መስመር «እርግጠኛ»፣ «ሊሆን ይችላል» ወይም «ቃል ብቻ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። እንዲህ፦

ሁለት በር ቁም ሳጥን። ፊት፦ ዋንዛ፣ እርግጠኛ (ጉርድና ሚዛን 0.46)። ጀርባ፦ ዝግባ፣ እርግጠኛ። ሐዲድ፦ ባሕር ዛፍ፣ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ፦ ዬል፣ የብረት ሥራ። ዓመት፦ ፲፱፻፶፫ በመሳቢያ ሆድ በእርሳስ። ሠሪ፦ የሠፈር አናጺ፣ ስሙ ቃል ብቻ (ሁለት ሰው)።

ሠሪን በስም ለመጻፍ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይደገፉ ማስረጃዎች ይኑራችሁ፤ ጽሑፍና ቃል፣ ወይም ቃልና የተመሳሰለ ሥራ።

## አሁንም እንጨቱ ካልታወቀ

ናሙና ወደ ደን ውጤት ባለሙያ ውሰዱ። በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከልቡ የተወሰደ፣ ነቀዝ ያልበላው ቁራጭ ይበቃል። ከማይታይ ክፍል ቁረጡ፤ ዕቃው ዋጋ አለው ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ራሳችሁ አትቁረጡ፣ ባለሙያው ቦታውን ይምረጥ። ፌስታል ውስጥ አታስገቡት፣ ይሻግታል። በወረቀት ፖስታ አድርጉና ከየትኛው ዕቃ፣ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ በእርሳስ ጻፉበት።